ትርታችሁ ከየት ይመጣል? የዊሊያም ሃርቪ ሕይወት

ስማርት ሰዓት የምታስሩ ልጆች፣ ከሰዓቱ ሥር ብልጭ የሚለውን አረንጓዴ መብራት አይታችሁት ይሆናል። ያ መብራት የሚከታተለው ደማችሁን ነው። ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም ትንሽ ይጨምራል፣ ከዚያ መልሶ ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህንን ከፍ ዝቅ ቆጥሮ በደቂቃ 72 ወይም 80 ብሎ ያሳያችኋል። ጣታችሁን ካሜራውና ፍላሹ ላይ አስደርገው ትርታ የሚቆጥሩት የስልክ አፖችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ልብ ይገፋል፣ ደም ይሄዳል፣ እጅ አንጓ ላይ ይመታል፤ በቃ። ግን ይህንን ቀላል ነገር የአውሮፓ ሐኪሞች ለ1400 ዓመት ያህል አያውቁትም ነበር። ያሳያቸው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ያተረፈው ነገር ምስጋና አይደለም፤ እብድ መባልና የበሽተኞቹ መሸሽ ነው።

ዛሬ የምናወራላችሁ ስለዚህ ሰው ነው። ስሙ ዊሊያም ሃርቪ ይባላል። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍናቸው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሃርቪ የተወለደው ኤፕሪል 1 ቀን 1578 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ፎክስተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባቱ ነጋዴ ነበር፤ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆኗል። ቤቱ ልጅ በልጅ ነው፤ ዊሊያም የሁሉም ታላቅ ነበር። ከወንድሞቹ ብዙዎቹ ለንደን ገብተው ንግዱን ተያያዙት። እሱ ግን ወደ ትምህርቱ አደላ።

በ1593 ካምብሪጅ ገባ። ከዚያ በዘመኑ ሕክምና በደንብ ይሰጥበታል ወደሚባለው የጣሊያኑ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እሱ እዚያ በሚማርበት ጊዜ ጋሊልዮም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። የሃርቪ አስተማሪ ግን ፋብሪሲየስ የሚባል የአካል አጥኚ ነው። ፋብሪሲየስ ደም መላሽ በሆኑት ቧንቧዎች ውስጥ ትንንሽ በሮች እንዳሉ ለተማሪዎቹ ያሳይ ነበር። ዛሬ ቫልቭ የምንላቸው ናቸው። በሮቹን በዓይኑ አይቷቸዋል፤ ሥራቸውን ግን አላወቀም። ደም ወደ እግር ሲወርድ እንዳይጠራቀም ፍጥነቱን የሚቀንሱ ይመስሉት ነበር። ሃርቪ እነዚህን በሮች በጭንቅላቱ ይዞ በ1602 ተመረቀና ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1604 ኤልሳቤጥ ብራውን የምትባል የቤተ መንግሥት ሐኪም ልጅ አገባ። ልጅ አልወለዱም። በ1609 በለንደን የድሆች መታከሚያ በነበረው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። ቆየት ብሎም የንጉሥ ጀምስ፣ ቀጥሎ የልጁ የንጉሥ ቻርልስ ሐኪም ሆነ። አጭር፣ ጥቁር ጸጉር ያለው፣ ዓይኖቹ ትንንሽና ንቁ፣ ቶሎ ግንፍል የሚል ሰው እንደነበር ይነገራል። ሌሊት ሐሳብ ከያዘው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

እንቅልፍ ከሚነሱት ነገሮች አንዱ ትርታ ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም።

እስኪ በዚያ ዘመን ምን ይታመን እንደነበር እንይ። ዋናው መምህር ጋሌን ነው። ጋሌን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በሮም ይሠራ የነበረ ግሪካዊ ሐኪም ነው፤ ስለ ትርታ ብቻ ብዙ መጻሕፍት ጽፏል። እሱ እንዳስተማረው ምግብ ጉበት ውስጥ ወደ ደም ይቀየራል። ደሙ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰውነት ይሄድና እዚያው ያልቃል፤ ልክ መስኖ ውኃ ማሳ ላይ ፈስሶ እንደሚቀረው። ነገ ስትበሉ ደግሞ ሌላ ደም ይሠራል። ትርታስ? ትርታ የደም ወሳጆቹ የራሳቸው ሥራ ነው ይባል ነበር። ከልብ በግድግዳቸው በኩል በሚመጣ ኃይል ራሳቸው ይለጠጣሉ፣ ራሳቸው ይሰበሰባሉ።

ልዩነቱን አስተውሉት። በጋሌን ትምህርት የእጃችሁ ደም ወሳጅ ራሱ የሚተነፍስ ነገር ነው። ልብ ፓምፕ አይደለም።

ከሃርቪ በፊት ይህንን ትምህርት የነካ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ የሠራው የደማስቆው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ፣ ደም ከልብ ቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው ጋሌን እንዳለው በልብ መሐል ግድግዳ ቀዳዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል ዞሮ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሙሉው ዙር ግን ገና አልተነገረም።

ሃርቪ ምን አደረገ መሰላችሁ? መጽሐፉን ዘግቶ ልብ ማየት ጀመረ። ችግሩ የውሻ ልብ በጣም ይፈጥናል፤ የቱ መግፋት የቱ ማረፍ እንደሆነ ዓይን አይለይም። ስለዚህ ልባቸው ቀስ ብሎ የሚመታ እንስሳትን ፈለገ፤ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ዓሣ። ሊሞቱ የተቃረቡ እንስሳትንም ያይ ነበር፤ ልባቸው እየዘገየ ስለሚሄድ። ይህ ሁሉ የተሠራው ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ ነው። የምናውቀው እውቀት ይህንን ዋጋ አስከፍሏል፤ ልንደብቀው አይገባም።

ካየው ነገር የመጀመሪያው ይህ ነው፦ ልብ ሥራ የሚሠራው ሲለጠጥ ሳይሆን ሲጨመቅ ነው። ልብ ሲጨመቅ፣ በዚያችው ቅጽበት ደም ወሳጁ ይነፋል። ደም ወሳጅ ሲቆረጥም ደሙ ፊጭ ፊጭ እያለ የሚወጣው ከልብ ጭመቃ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ቧንቧው የሚነፋው ራሱ ስለፈለገ አይደለም፤ ስለተሞላ ነው። ሃርቪ ይህንን ለማስረዳት የጓንት ምሳሌ ተጠቅሟል። ጓንት ውስጥ ስትነፉ አምስቱም ጣቶች በአንድ ጊዜ ነፋ እንደሚሉት፣ ልብ ሲገፋም ደም ወሳጆች ሁሉ አብረው ነፋ ይላሉ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንጨምር። እጅ አንጓችሁ ላይ የሚሰማችሁ ምት አሁን ከልብ የወጣው ደም ራሱ ደርሶ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ከኋላ አንዱ ሲገፋ ፊት ያለው ወዲያው ይንገዳገዳል፤ የገፋው ሰውዬ ግን ገና እዚያው ኋላ ነው። ትርታም እንደዚያ ነው፤ የግፊቱ ማዕበል ከደሙ ቀድሞ ይደርሳል። ማለትም ትርታ ማለት የግፊቱ ወሬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው፤ የሃርቪን ነገር ከሁሉም የሚለየው ይሄ ነው። ቆጠረ። ልብ በአንድ ጭመቃ ግማሽ አውንስ ደም ብቻ ቢያወጣ አለ። በግማሽ ሰዓት ደግሞ 1000 ጊዜ ብቻ ቢመታ። ሁለቱም ሆን ብሎ ዝቅ ያደረጋቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ማንም ተጋነነ ብሎ እንዳይከራከረው። እሺ፣ አባዙት፤ 500 አውንስ፣ ወደ 15 ኪሎ ገደማ ደም በግማሽ ሰዓት። የትኛው ሰው ነው በግማሽ ሰዓት 15 ኪሎ ደም የሚሠራ ምግብ የሚበላው? ሰውነታችን ውስጥ ያለው ደም እኮ ጠቅላላ 5 ሊትር አካባቢ ነው።

መልሱ አንድ ብቻ ነው። ደሙ አያልቅም፤ ያው ደም ዞሮ ይመለሳል።

ሦስተኛው ደግሞ ማንም ቤቱ ሊረዳው የሚችል ነው። ክንድ በጣም ጠብቆ ሲታሰር ትርታው ይጠፋል፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ማሰሪያው ትንሽ ላላ ሲል ትርታው ይመለሳል፤ ቆዳ ላይ የሚታዩት ደም መላሾች ግን ከማሰሪያው በታች ይወጣጠራሉ። ለምን? ደሙ ጥልቅ ባሉት ደም ወሳጆች እየገባ፣ ላይ ላዩን ባሉት መላሾች ግን መውጫ ስላጣ ነው። ያ የፋብሪሲየስ በርም አሁን ትርጉም አገኘ። በሮቹ ደም ወደ ልብ እንዲሄድ ይከፈታሉ፤ ወደ ኋላ ሲመጣ ይዘጋሉ።

በር ያለው፣ ጨምቆ የሚገፋ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነገር ምን ይባላል? ፓምፕ። ሃርቪም በትምህርት ማስታወሻው ላይ ልብን ውኃ ከሚያወጣ ወናፍ ክዳኖች ጋር አመሳስሎታል። ነገሩ ከሰማይ የወረደለት አይደለም። ገና ልጅ ሳለ፣ በ1582፣ ለንደን ድልድይ ሥር በውኃ ኃይል የሚዞሩ ፓምፖች የቴምስን ውኃ ወደ ከተማው መግፋት ጀምረው ነበር።

መጽሐፉ በ1628 ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ታተመ። በላቲን የተጻፈ፣ 72 ገጽ ብቻ ያለው ቀጭን መጽሐፍ ነው። ሃርቪ በዚያን ጊዜ 50 ዓመቱ ነው፤ ነገሩን ዓመታት ሲያጠናና ሲያስተምር ቆይቶ ነው ለኅትመት የሰጠው።

ከዚያ ዱላው መጣ። ሕይወቱን የጻፈለትና በቅርብ ያውቀው የነበረው ጆን ኦብሪ እንደሚለው፣ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የሚታከሙለት ሰዎች ቁጥር በጣም ቀነሰ። ተራው ሕዝብ አእምሮው ተነክቷል አለ። ሐኪሞቹም ተነሱበት። በፓሪስ የታወቀው ዣን ሪዮላን ለዓመታት ተቃወመው፤ ሃርቪ መልስ የሰጠው በ1649፣ ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ፈላስፋው ዴካርት ደግሞ ግማሹን ብቻ ተቀበለ። ደም መዞሩን እሺ አለ፤ ልብ ጨምቆ ይገፋል የሚለውን ግን አልተቀበለም። ለእሱ ልብ ምድጃ ነው፤ ደም እዚያ ገብቶ ይሞቅና ገንፍሎ ይወጣል።

የሃርቪም ሥራ ጎዶሎ ነበረው። ደም ከወሳጁ ወደ መላሹ በምን በኩል ይሻገራል? ቧንቧዎቹ ለዓይን አይታዩም፤ ሃርቪ መሻገሩን በሒሳብ ያውቃል እንጂ መንገዱን አላየም። ደግሞም ዙሩን ያገኘው ሰው ራሱ በሽተኞችን ደም ማስፈሰሱን አላቆመም። ትልቅ ነገር ማወቅ የድሮውን ልማድ በአንድ ቀን አያስጥልም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ግን ፊልም ነው የሚመስለው። በ1640ዎቹ መጀመሪያ ሂዩ ሞንትጎመሪ የሚባል የአንድ መኳንንት ልጅ ለንደን መጣ። በልጅነቱ ወድቆ የጎን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ቁስሉ መግል ይዞ ቆይቶ ነበር። ሲድን ደረቱ ግራ ጎን ላይ ክፍት ቀዳዳ ቀረ። ወጣቱ ቀዳዳውን በብረት ሳህን ሸፍኖ ይሄዳል፤ ጤነኛ ነው። ንጉሥ ቻርልስ ወሬውን ሰምቶ ሃርቪን እንዲያየው ላከው።

ሃርቪ ጣቶቹን በቀዳዳው አስገባ። ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ነካ። መጀመሪያ ሳንባ ይሆን ብሎ ነበር። ከዚያ አንድ እጁን እዚያው አድርጎ በሌላው የልጁን የእጅ አንጓ ያዘ። ሁለቱ ምቶች ተገናኙ። የነካው ልብ ነበር።

ወጣቱን ይዞ ወደ ንጉሡ ሄደ። ንጉሡም የሕያው ሰው ልብ በገዛ እጁ ነካ። ልጁ ግን ልቡ ሲነካ አይሰማውም፤ ካላየ በስተቀር መነካቱን አያውቅም። ሃርቪ 1628 ላይ በእንስሳት ያሳየውን ነገር አሁን በሕያው ሰው ላይ በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ያ ንጉሥ ከራሱ ፓርላማ ጋር ጦርነት ገባ። በ1642 በኤጅሂል ጦርነት ሃርቪ የንጉሡን ሁለት ልጆች እንዲጠብቅ ተሰጥቶት ነበር። ኦብሪ እንደሚተርከው ሃርቪ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ፤ የመድፍ ጥይት አጠገባቸው ሲያርፍ ነው ቦታ የቀየረው። ለንደን ያለው ቤቱ ግን አልተረፈም። የፓርላማው ወታደሮች ገብተው ዘረፉት፤ የዓመታት የምርምር ወረቀቶቹም ጠፉ። እንደተባለው ከንብረቱ ሁሉ በጣም ያንገበገበው የወረቀቶቹ መጥፋት ነው። ባክአፕ የለ፣ ክላውድ የለ፤ የጠፋ ጠፋ።

በ1649 ንጉሡ አንገቱን ተቀላ። ሃርቪም ከቤተ መንግሥት ርቆ፣ ሚስቱም ቀድማው ሞታ፣ ሽምግልናውን በወንድሞቹ ቤት አሳለፈ። ሪህ ያሠቃየው ነበር። እዚህ ላይ ለእኛ የምትቀርብ ነገር አለች። ሃርቪና ወንድሙ ኤሊያብ በለንደን ቡና ቤት ገና ባልተለመደበት ጊዜ ቡና ይጠጡ ነበር። በኑዛዜውም የቡና ማፍያውን ለኤሊያብ አወረሰ። ከኢትዮጵያ ምድር የወጣችው ቡና በየመን በኩል ዞራ፣ የደምን ዙር ያገኘው ሰው ሲኒ ደርሳ ነበር ማለት ነው።

በ1654 የለንደን ሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሁንልን ሲለው አርጅቻለሁ ብሎ አልተቀበለም። ያሠራላቸውን ቤተ መጻሕፍት ግን ሰጣቸው፤ እሱም በ1666 የለንደን ታላቅ እሳት ወደመ። ሃርቪ ያረፈው ጁን 3 ቀን 1657 ነው፤ 79 ዓመቱ ነበር። ደግነቱ ሲሞት ሐሳቡ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር።

የቀረችው ጉድለት የተሞላችው እሱ ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ ነው። በ1661 ማልፒጊ የሚባል ጣሊያናዊ የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ደም ወሳጅንና ደም መላሽን የሚያገናኙትን ቀጫጭን ቧንቧዎች አገኛቸው።

በ1733 ደግሞ ስቲቨን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ የፈረስ ደም ወሳጅ ላይ የመስታወት ቱቦ ሰክቶ ደሙ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ሽቅብ ሲወጣ ማየቱን ጻፈ። ሌላም ነገር አስረዳ። ልብ በምትና በምት መካከል ያርፋል፤ ታዲያ ደም ለምን አይቆምም? ሄልስ መልሱን ያገኘው ከዘመኑ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ነው። ሰዎቹ እጀታውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ነው የሚገፉት፤ ውኃው ግን ሳይቆራረጥ ይወጣል። ምክንያቱም ፓምፑ ውስጥ የታመቀ አየር ያለበት ጋን አለ፤ ሲገፋ ይታመቃል፣ ሲያርፉ መልሶ ይገፋል። የእኛ ደም ወሳጆችም እንደዚያ ናቸው፤ ልብ ሲገፋ ይለጠጣሉ፣ ልብ ሲያርፍ ተሰብስበው ደሙን ያስኬዱታል።

እዚህ ላይ ያልጠበቃችሁት ነገር ይመጣል። በዛሬው ዘመን ትርታ ሳይኖራቸው የሚራመዱ ሰዎች አሉ። ልባቸው የደከመ ሰዎች ደረት ውስጥ የሚገጠም፣ እንደ ቬንትሌተር በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከር ፓምፕ አለ፤ አንዱ ዓይነት በ2008 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ይህ ፓምፕ አይጨመቅም፤ ያለማቋረጥ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ብዙዎቹ እጅ አንጓቸው ሲያዝ ትርታ ላይገኝ ይችላል፤ ሰውየው ግን ቁጭ ብሎ እያወራ ነው። በ2011 ሂውስተን ውስጥ ሐኪሞች የአንድን ሰው ልብ ጨርሰው አውጥተው በሁለት እንዲህ ባሉ ፓምፖች ተክተውለት ከወር በላይ ኖሯል።

ሃርቪ ተሳሳተ ማለት ነው እንዴ? እንዲያውም ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ። ትርታ ከግፊው የሚመጣ ከሆነ፣ ግፊው ሲቀየር ትርታውም ይቀየራል። የሚያኖረን የደሙ መሄድ ነው።

ይህ ነገር ደግሞ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1958 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ልቡ በቆመ ውሻ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ እየሞከሩ ነበር። መሣሪያው ከባድ ስለነበር ደረቱ ላይ ሲጫኑት፣ መብራቱ ሳይለቀቅ ገና፣ የውሻው እግር ደም ወሳጅ ላይ ትርታ ታየ። ልቡ ቆሟል፤ ትርታ ግን አለ። ምክንያቱም የሆነ ነገር ገፍቷል። በ1960 ይህንን ለሰው የሚሆን አድርገው አሳተሙት። ዛሬ ሲፒአር የምንለው ደረት የመጫን ዘዴ እንዲህ ነው የመጣው።

ስለዚህ አጠገባችሁ አንድ ትልቅ ሰው ድንገት ቢወድቅ፣ ሲጠሩት ባይመልስ፣ በትክክል ባይተነፍስ፣ ትርታ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። አንዳችሁ አምቡላንስ ጥሩ። አንዳችሁ ደረቱ መሐል ላይ መዳፍ በመዳፍ ደርባችሁ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በእያንዳንዱ ጭነት መካከል ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ልቀቁት፤ ልብ የሚሞላው ያኔ ነው። እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ፤ ሲደክማችሁ ተቀያየሩ።

ልብ ፓምፕ ከሆነ፣ ሲቆም ለጥቂት ደቂቃ በእጃችን ልንተካው እንችላለን። የድሮው ትምህርት እንዳለው ደም ወሳጆች በራሳቸው የሚመቱ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መጫን ከንቱ ነበር። ሃርቪ በሽተኞቹን ያጣበት ክርክር ዛሬ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው የሚነሳበት ሆኗል።